የፓርኪንሰን ሕመምን በስልክና በሴንሰር መለካት፦ የምርምር ልምምድ ልጀምር ነው፣ ከየት ልነሳ?

ባዮሜድ_ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለኢንተርንሺፕ አዲስ አበባ፣ አንድ ሆስፒታል የነርቭ ክሊኒክ ተመድቤያለሁ። ምርምርም አብሮት አለ። አድቫይዘሬ የሰጠኝ ርዕስ «የፓርኪንሰን ሕመምን በቴክኖሎጂ መገምገም» የሚል ነው። «ሰፊ ነው፣ አጥብበሽ አምጪ» ብሎኛል።

ያለኝ ዕቃ ትንሽ ነው። አንድ አንድሮይድ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ አርዱዊኖ ቦርድና ኤምፒዩ-6050 የሚባለው ትንሽ የእንቅስቃሴ ሴንሰር። ፓይተን እችላለሁ። የእርምጃ መለኪያ ላብራቶሪ የለንም። ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምትማር ሐኪም) ግን በጣም ቅን ሰው ናት። ታካሚዎቹን ስታይ አጠገቧ እንድቀመጥ ፈቅዳልኛለች።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ሰውየው ስልኩን በእጁ ይይዛል። ስልኩ መንቀጥቀጡን ያነባል። ከዚያ አፑ «ፓርኪንሰን አለ» ወይም «የለም» ይላል። ያነበብኳቸው ጽሑፎች ብዙዎቹ ከ90 በመቶ በላይ ትክክል እንሆናለን ይላሉ። ይሄ ያስኬዳል? ዳታ ከየት ላግኝ? ታካሚዎችን ምን ላሠራቸው?

የአባቴ ታላቅ ወንድም እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቤተሰቡ ሁሉ እርጅና ነው ብሎ ዝም አለ። ሐኪም ዘንድ የደረሰው በጣም ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ለነጥብ ብቻ ብዬ አይደለም የምሠራው።

ፓይተን_ፒያሳ

ዳታ አታሳድጂ፣ ኢንተርኔት ላይ አለ። ዩሲአይ የሚባለው የዳታ ማከማቻ ውስጥ የኦክስፎርዱን የድምፅ ዳታ አውርጂ። 31 ሰዎች ናቸው፣ 23ቱ ፓርኪንሰን ያለባቸው። በጠቅላላው 195 የድምፅ ቅጂ አለው። ራንደም ፎረስት የሚባለውን የማሽን ለርኒንግ ሞዴል አሠልጥኚበት፣ ከ90 በላይ ታገኛለሽ። ከዚያ አፕ ላይ ትሰቅይዋለሽ። አራተኛ ዓመት ላይ ማንም ከዚህ በላይ አይጠብቅብሽም።

የጉለሌው

እህቴ፣ ርዕሱ ስለደረሰሽ ደስ ብሎኛል። ማስተርሴን የሠራሁት በዚሁ ጉዳይ ነው፤ አሁንም ከነርቭ ሐኪሞች ጋር እሠራለሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ «አለ ወይም የለም» የሚለውን ሐሳብ ተዪው። አንቺ ክሊኒክ የሚመጡት ሰዎች ሕመማቸው አስቀድሞ በሐኪም ታውቋል። ሬዚደንቷ የቸገራት እሱ አይደለም። የቸገራት ሌላ ነው። ታካሚው ከወራት ቀጠሮ በኋላ ይመጣል። «እንዴት ሰነበቱ?» ትለዋለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላታል። ውጭ ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ካለፈው ቀጠሮ ተሻለው ወይስ ባሰበት፣ መድኃኒቱ ስንት ሰዓት ይይዝለታል፣ መቼ ይለቀዋል የሚለውን ማወቅ አለባት። መጠኑን የምትጨምረውና የምትቀንሰው በዚህ ነው። ስለዚህ ሰውን ከሰው የሚለይ ሳይሆን አንድን ሰው ከራሱ ጋር የሚያወዳድር መለኪያ ሥሪ። አንድ ሰው፣ ትናንትና ዛሬ። መድኃኒት ከመዋጡ በፊትና በኋላ።

ይሄን መንገድ ይዘው የተሳካላቸው አሉ። ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ፓርኪንሰንስ ካይኔቲግራፍ የሚባል እንደ እጅ ሰዓት የሚታሰር መሣሪያ አለ። ታካሚው ቤቱ ሆኖ ለቀናት ያስረዋል። የመድኃኒት ሰዓት ሲደርስ ይንቀጠቀጥና ያስታውሰዋል፤ እሱም መውሰዱን በጣቱ ያረጋግጣል። ሐኪሙ ጋ የሚደርሰው ወረቀት የእንቅስቃሴው መዘግየትና ያለፈቃድ መወራጨቱ ከመድኃኒቱ ሰዓት ጋር እንዴት እንደወጣና እንደወረደ ያሳያል። የመድኃኒቱን ሰዓት ከእንቅስቃሴው ጋር ማገናኘቱ ነው ትልቁ ነገር።

ሁለተኛ፣ ላፕቶፕሽን ከመክፈትሽ በፊት ሐኪሞቹ በእጃቸውና በዓይናቸው የሚለኩበትን መንገድ ተማሪ። ኤምዲኤስ-ዩፒዲአርኤስ ይባላል። አሁን የሚሠራበት እትም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ነው። አራት ክፍል አለው። ሦስተኛው ክፍል የእንቅስቃሴ ምርመራው ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፣ ድምሩ እስከ 132 ይደርሳል። ሬዚደንቷ አጠገብ ቁጭ ብለሽ አንቺም በልብሽ ነጥብ ስጪ። ከዚያ ከሷ ጋር አስተያዪ። 2 ነው ወይስ 3 ነው የሚለው ላይ ልምድ ያላቸው ሐኪሞችም ይለያያሉ። ሴንሰርሽ የሚጠቅመው እዚያ ነው፣ በ2 እና በ3 መካከል ያለውን ማየት ላይ።

ጣት ማጋጨቱን በደንብ እዪ። ታካሚው አመልካች ጣቱን በአውራ ጣቱ ላይ አሥር ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። የቻለውን ያህል በፍጥነት፣ ጣቶቹንም በሰፊው እየከፈተ። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ሲጀምር ደህና ሊሆን ይችላል። አራተኛው፣ አምስተኛው ላይ ግን የጣቶቹ መከፈት እየጠበበ ይሄዳል። ፍጥነቱም ይወርዳል። አንዳንዴ መሐል ላይ ቀጥ ይላል። የሕመሙ ዋና ጠባይ ይሄ እየከሰመ መሄድ ነው። አሁን አስቢው። ብዙዎቹ አፖች ስክሪን ላይ ሁለት ክብ ያሳዩና «ንካ» ይላሉ። ስክሪኑ ስንት ጊዜ እንደተነካ ይቆጥራል፤ ጣቱ ስንት እንደተከፈተ ግን አያይም። ዋናው ምልክት አመለጠው ማለት ነው። አንቺ ግን ኤምፒዩ-6050 አለሽ። አመልካች ጣት ላይ በለስላሳ ፕላስተር እሰሪው። ውስጡ ያለው ጋይሮስኮፕ (የመዞር ፍጥነትን የሚለካው ክፍል) የጣቱን መዞር በቀጥታ ይሰጥሻል። እያንዳንዱ ምት ስንት ዲግሪ እንደተከፈተ አስልተሽ ከመጀመሪያው እስከ አሥረኛው ስትስይው ቁልቁለቱ ፊትሽ ይመጣል።

በመንቀጥቀጥ ለመጀመር ማሰብሽ ይገባኛል፣ ዓይን ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ነገር ግን ስልኩን በእጃቸው አታስይዣቸው። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ የሚታወቀው እጅ ሲያርፍ ነው። በሴኮንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይመላለሳል። ሰውየው ዕቃ ሲይዝ ጡንቻው ሥራ ይጀምርና መንቀጥቀጡ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ስልኩን ስታስይዢው የምትፈልጊውን ነገር ራስሽ አጠፋሽው ማለት ነው። ትንሿን ሴንሰር እጁ ጀርባ ላይ እሰሪና ክንዱን ባለመደገፊያ ወንበር ላይ አሳርፊው። ከዚያ ወራቱን ወደ ኋላ እንዲቆጥርልሽ ጠይቂው። ጳጉሜ፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ እያለ። ሐሳቡ ሲጠመድ ተደብቆ የነበረው መንቀጥቀጥ ብቅ ይላል። ቀጥሎ እጁን ወደፊት ዘርግቶ ይያዝ። አንዳንዱ ላይ ሲዘረጋ ይቆምና ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ቶሎ «በቃ» ካልሽ ያልፍሻል።

እዚህ ላይ የፊዚክስ ነገርም አለ። በሴኮንድ 5 ጊዜ የሚወዛወዝ እጅ ከመሐል ወደ አንድ ጎን 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሄድ፣ የሚፈጥረው አክስለሬሽን ከመሬት ስበት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። አስልተሽ እዪው። ስለዚህ አክስሌሮሜትሩ (አክስለሬሽን የሚለካው ክፍል) ውስጥ የእጁ መዘንበልና የእጁ መንቀጥቀጥ ተቀላቅለው ነው የሚመጡት። ጋይሮስኮፕ ስበት አይነካውም። እኔ ብሆን ሁልጊዜ ከጋይሮስኮፑ እጀምራለሁ።

ደግሞም ሁሉም ታካሚ አይንቀጠቀጥም። ምንም ሳይንቀጠቀጡ ካልሲ ማጥለቅ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ አልጋ ላይ መገላበጥ ያቃታቸው ሰዎች ታገኛለሽ። የእንቅስቃሴ መዘግየቱ ነው ሰውን ከሥራውና ከኑሮው የሚያወጣው። ርዕስሽን ለማጥበብ ከፈለግሽ መዘግየቱን ያዢ።

ሦስተኛው ነገር የኛ አገር ብቻ ነው፤ የፈረንጅ ወረቀት ውስጥ አታገኚውም። ሰዓት። ታካሚው «መድኃኒቴን ጠዋት 2 ሰዓት ወሰድኩ» ይልሻል። 2:00 ብለሽ ትመዘግቢያለሽ። ስልክሽ ወይም ላፕቶፕሽ ግን ፋይሉን 10:30 ብሎ ያስቀምጠዋል። ኮድሽ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፎታል ይላል። እውነቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከሌቮዶፓ (ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት) ጋር ይሄ ልዩነት ትንሽ አይደለም። አንደኛው ሰው መድኃኒቱ ሥራ ላይ ያለ ነው። ሌላኛው መድኃኒቱ ከለቀቀው የቆየ ነው። አንድ ላይ ስትደባልቂያቸው ውጤቱ ትርጉም ያጣል። ዘመኑም እንዲሁ ነው። «በ2010 ነው የጀመረኝ» ሲሉሽ የኛው አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጅ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል። ቅጽሽ ላይ የአገራችንን ሰዓት ለብቻ፣ የስልኩን ሰዓት ለብቻ ጻፊ። ታካሚው የነገረሽን እንዳለ መዝግቢ፣ ወደ ሌላው የሚቀይረው ኮድሽ ይሁን። በአእምሮሽ እየቀየርሽ አትጻፊ። ወረፋው ሲበዛ ሁሉም ይደበላለቅብሻል።

ጾምንም ጠይቂ። ጿሚ የሆነ ታካሚ የጠዋቱን መጠን ወደ ከሰዓት ሊገፋው ይችላል። ምግብም ይነካዋል፤ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ሌቮዶፓ ከአንጀት እንዳይገባ ይሻማዋል። መቼ በሉ፣ ምን በሉ የሚል አንድ መስመር ጨምሪ።

ስለ ዳታው፣ ወንድሜ ፓይተን_ፒያሳ ያልከው ዳታ እውነተኛና ጥሩ ዳታ ነው። ግን 195 ቅጂ ከ31 ሰው ማለት ከአንዱ ሰው በአማካይ ስድስት ቅጂ ነው። ቅጂዎቹን በዘፈቀደ ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ ከከፈልካቸው ያው ሰው በሁለቱም ወገን ይገባል። ሞዴሉ ሕመሙን ሳይሆን የሰውየውን ድምፅ ያስታውሳል። ከ90 በላይ የሚሉት ብዙዎቹ ውጤቶች የሚመጡት ከዚህ ነው። መክፈል ያለብህ በሰው ነው። ሳይኪት-ለርን በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ ግሩፕ ኬ ፎልድ የሚባለው ለዚሁ ነው የተሠራው። በሱ ሞክረውና ቁጥሩን እዚህ ለጥፍልን፣ ብዙ ተማሪ ይጠቀምበታል። ሌላም ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ሴጅ ባዮኔትዎርክስ ከአፕል ሪሰርችኪት (በስልክ ጥናት ማካሄጃ ሶፍትዌር) ጋር ያስጀመረው ኤምፓወር የሚባል ትልቅ ጥናት ነበር። ሰዎች በስልካቸው ይናገሩ፣ ስክሪን ይነኩ፣ ይራመዱ ነበር። ጤነኛ ነኝ ብለው የተመዘገቡት ግን በአብዛኛው ወጣቶች ነበሩ። ያንን ሳያስተካክል የሚሠለጥን ሞዴል ሽማግሌን ከወጣት ይለያል፣ ሌላ ምንም አያውቅም።

እህቴ፣ ለልምምድ ከሆነ ፊዚዮኔት የሚባለው የዳታ ማከማቻ ላይ ያለውን የእርምጃ ዳታ ውሰጂ። 93 ፓርኪንሰን ያለባቸውና 73 ጤነኛ ሰዎች ከጫማቸው ሥር በእያንዳንዱ እግር ስምንት ስምንት ሴንሰር አድርገው የተራመዱበት ነው። ኮድሽን በሱ ፈትሺ። ምርምርሽ ግን አጠገብሽ ካሉት ሰዎች ይነሳ።

ፈተናውንም ለሰው አስተካክዪው። የፈረንጆቹ ጥናት ጥምዝምዝ መስመር በእስክሪብቶ ማስሳል ይወዳል። ዕድሜ ልካቸውን እስክሪብቶ ይዘው የማያውቁ እናት ሲመጡ ግን የምትለኪው ሕመሙን ሳይሆን ትምህርት ቤት አለመሄዳቸውን ነው። ስማርት ስልክ ነክተው የማያውቁ አባትም እንዲሁ። ጣት ማጋጨት፣ መዳፍን ከፍቶ መዝጋት፣ መዳፍ መገልበጥ ግን ለማንም ይሆናል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወገን ነው የሚጀምረው፣ ሁለቱም እጅ ይለካ። የተሻለው እጅ ለባሰው ማነጻጸሪያ ይሆንሻል። የትኛው እጅ ሠራተኛ እንደሆነ መመዝገብ አትርሺ።

በመጨረሻ ይሄን አጥብቄ እነግርሻለሁ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ሳይወጣ አንድም ሰው አትለኪ። ስምምነቱን በሚገባቸው ቋንቋ አስረጂ፤ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ከሆኑ በአፋን ኦሮሞ። ለምርምርሽ ብለሽ መድኃኒት እንዲዘልሉ ወይም እንዲያዘገዩ በፍጹም አትጠይቂ። ሌቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ሕይወት ላይ የሚደርስ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ከኋላ ጎትቶ ሚዛን የሚፈተንበትን ምርመራ ሐኪሟ ብቻ ትሥራ። ስታራምጃቸው ከጎናቸው የሚደግፍ ሰው ይኑር።

የደሴዋ

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። እናቴን የማስታምም ነኝ። ፓርኪንሰን ከያዛት ቆየ። ጽሑፉን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ልጅቷ የምትሠራው ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ስለሆነ።

የኔ እህት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እናቴ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ሌላ ሰው ትሆናለች። ትነቃለች፣ ቀጥ ብላ ትራመዳለች። ሐኪሙም «ጎበዝ ነዎት» ይላታል። ቤት ስንመለስ ማድ ቤት በር ላይ እግሯ መሬት ላይ እንደተሰፋ ይቀራል። ሰፊው ግቢ ውስጥ ትሄዳለች፣ ጠባቡ በር ላይ ግን አትችልም። ስትዞርም እንዲሁ። «እናቴ፣ ግንድ እንደመሻገር አድርገሽ እግርሽን አንሺው» ስላት ወይም መሬቱ ላይ የእግሬን ጫፍ ሳስቀምጥላት ተሻግራ ታልፋለች። ይሄንን ለሐኪሙ ሳስረዳ በቃል ብቻ ነው። ቢያየው እንዴት ጥሩ ነበር።

ሌሊቱን ደግሞ ማንም አይጠይቅም። አልጋ ላይ መገላበጥ አትችልም፤ እኔ ተነስቼ ነው የማገላብጣት። ሁለታችንም አንተኛም።

ለቀጠሮ ከደሴ ስንመጣ መድኃኒቷን አውቶቡስ ውስጥ፣ በጨለማ ትወስዳለች። ካርድ አውጥተን፣ ተራ ጠብቀን ስንገባ ያ መድኃኒት ለቋት ይሆናል። ሌላ ቀን ደግሞ ገና አሁን ሠርቶላት ትገባለች። ሐኪሙ የሚያየው የዕለቱን ዕድል ነው። ወንድማችን የጉለሌው ስለ ሰዓት ያልከው በጣም እውነት ነው። መድኃኒቱ ከፋርማሲ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ያኔ እንዳያልቅብን ቆጥባ ትወስዳለች፣ ለሐኪሙ ግን አፍራ አትነግረውም። እሱንም ጠይቂያቸው፣ በቀስታ።

ደግሞ ስትለኪ ብዙ አታቆዪአቸው። ይደክማቸዋል። ከሐኪም በፊት በሚጠብቁበት ሰዓት ብትለኪያቸው ይሻላል፤ ያ ጊዜ እንዲሁ ነው የሚያልፈው። የለካሽውንም አሳዪያቸው። እናቴ ደም ግፊቷን እንኳ ሲለኩ ቁጥሩን ካልነገሯት ታዝናለች። አዲስ አበባ ውስጥ የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አለ። እዚያ የሚመጡትን ሰዎች ብታነጋግሪ ከኔ የበለጠ ይነግሩሻል።

የጉለሌው

እህታችን የደሴዋ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። የጻፍሽው ከብዙ ወረቀት ይበልጣል።

በር ላይ እግር መቆሙ ሐኪም ቤት ውስጥ አልታይ ማለቱ በዓለም ሁሉ ተመራማሪዎችን ያስቸገረ ነገር ነው። ባዮሜድ_ጅማ፣ ፍላጎት ካለሽ ዳፍኔት የሚባል ዳታ አለ። ቴል አቪቭ ውስጥ 10 ታካሚዎች ቁርጭምጭሚታቸው፣ ጭናቸውና ወገባቸው ላይ ሴንሰር አስረው ሲራመዱ የተቀዳ ነው፣ በሴኮንድ 64 ጊዜ። እግሩ ሲቆም ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል እንጂ ውስጡ ይንቀጠቀጣል። ከ3 እስከ 8 ኸርዝ (በሴኮንድ ከ3 እስከ 8 ጊዜ) ያለው ጉልበት ከ0.5 እስከ 3 ኸርዝ ካለው ሲበልጥ ያ ሰው ቆሟል ሳይሆን ተይዟል። ለዚህ ሴሚስተር ግን አትጨምሪው፣ ሥራው ይበዛብሻል።

ለእናትሽ ግን አሁኑኑ የሚሆን ነገር አለ። በሩ ላይ ስትቆም በስልክሽ ቅረጪያት፣ ፈቃዷን ጠይቀሽ። መድኃኒት የወሰደችበትን ሰዓት እየተናገርሽ ቅረጪ። ለሐኪሙ አሳዪው። አጭር ቪዲዮ ይበቃል። የሌሊቱን መገላበጥም ንገሪው። ኤምዲኤስ-ዩፒዲአርኤስ ላይ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ማታ የሚወሰደውን መድኃኒት የሚያስተካክሉት በሱ ነው።

ባዮሜድ_ጅማ

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። የደሴዋ፣ እናትሽን ይማርልሽ። የመድኃኒት ቁጠባውን ጥያቄ ከሬዚደንቷ ጋር ሆነን ቅጹ ውስጥ እናስገባዋለን።

ርዕሴን እንዲህ አጠበብኩት፦ ጣት ላይ በሚታሰር ጋይሮስኮፕ የጣት ማጋጨትን እየከሰመ መሄድ መለካት፣ በሁለቱም እጅ። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። የማገኛቸው ታካሚዎች ጥቂት ናቸው፣ ያሳፍራል? ከሬዚደንቷ ነጥብ ጋር እንዴት ላወዳድረው? ከሴንሰሩ ይልቅ በስልክ ቪዲዮ ብሠራስ?

የጉለሌው

ጥቂት መሆናቸው አያሳፍርም። ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ለንደን ላይ ሕመሙን ሲገልጽ የጻፈው ስለ ስድስት ሰዎች ነው፤ ከነሱም መንገድ ላይ አይቶ ያስተዋላቸው ነበሩ። የሚያሳፍረው ከጥቂት ሰዎች ተነስቶ ለሁሉም ይሠራል ማለት ነው። አንቺ ሌላ ነገር ጠይቂ። ያንኑ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለቴ ስለካው ያው ቁጥር ይመጣል? ይሄ ካልሆነ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም። ከሆነ ደግሞ ራሱን የቻለ ውጤት ነው። ቀጥሎ፣ በራሳቸው ሰዓት መድኃኒት ሊወስዱ ያሉ ታካሚዎች ካጋጠሙሽ ከመዋጣቸው በፊትና አንድ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ለኪያቸው። ለውጡ በሁለቱ ልኬት መካከል ካለው መዋዠቅ ይበልጣል ወይ? ምርምርሽ ይሄው ነው።

ለሬዚደንቷ ነጥብ ሲባል እጁን ብቻ፣ ፊት ሳይገባ፣ በቪዲዮ ቅረጪ። ቪዲዮዎቹን አደበላልቀሽ የሰዓቱን ምልክት አጥፍተሽ ስጪያት። ከመድኃኒት በፊት ይሁን በኋላ ሳታውቅ ነጥብ ትስጥ። ከተቻለ ሌላ ሐኪምም ያንኑ ይይ። ሁለቱ ልኬቶችሽ ምን ያህል እንደሚስማሙ የምታሳዪው በኮሪሌሽን አይሁን፤ የብላንድና አልትማንን ሥዕል ተጠቀሚ። የሁለቱ ልኬት ልዩነት ስንት ዲግሪ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። ሐኪምም ይገባታል።

ቪዲዮው ራሱ መለኪያ ይሆናል ወይ ላልሽው፣ ይሆናል። ሚዲያፓይፕ የሚባለው ሶፍትዌር እጅ ላይ 21 ነጥቦችን ይከተላል፣ ነጻ ነው። ግን ብዙ ስልክ በሴኮንድ 30 ሥዕል ነው የሚይዘው። በሴኮንድ አምስት ጊዜ ለሚያጋጭ ሰው በአንድ ምት ስድስት ሥዕል ብቻ ይደርስሻል። 60 አድርጊው፣ መስኮት አጠገብ ብርሃን ባለበት። ነጠላ ወይም ጋቢ እጁ ላይ እንዳይወርድ ሰብሰብ ይደረግ። ለዚህ ሴሚስተር ግን ሴንሰሩ ዋና ይሁን፣ ቪዲዮው ደጋፊ።

ሴንሰሩን ስታስተካክዪ ደግሞ የጋይሮስኮፑን ክልል አረጋግጪ። ኤምፒዩ-6050 ሲበራ በሴኮንድ 250 ዲግሪ ላይ ነው የሚነሳው። ፈጣን ጣት ከዚያ በብዙ ያልፋል። ሳትቀይሪው ከቀዳሽ የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ያ ደግሞ የሚጎዳው የመጀመሪያዎቹን ትልልቅ ምቶች ነው፣ ስለዚህ መክሰሙ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። 2000 ላይ አድርጊው፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ ቅጂ። ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ አስቀምጠሽ ዜሮውን መዝግቢ። የራስሽን ጣት ቀድተሽ ስትጨርሺ ፋይሉን እዚህ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።

ፓይተን_ፒያሳ

የድምፁን ዳታ በሰው ከፍዬ ድጋሚ አሠራሁት። ውጤቱ በደንብ ወረደ። ኮዱን ሁለቱንም አከፋፈል ጎን ለጎን አድርጌ አስተካክዬ እለጥፈዋለሁ። ባዮሜድ_ጅማ፣ ከጋይሮስኮፕ ፋይሉ ላይ ምቶቹን ነጥሎ የሚቆጥር ኮድ ካስፈለገሽ እኔ ልጻፍልሽ።